እጇ ነው ወይስ ጭንቅላቱ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አትሳቁ። የኔ ሥራ ባለፈው ዊንተር በሊፍት ወርዶ፣ በኋላ በር ወጥቶ፣ ትራክ ላይ ተጭኖ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማሽን ነበር። ከኔ የሚከብድ፣ አንዱ ጎማው ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚጎትት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም ቀጥ አድርጎ ሊነዳው የማይችል። በቦታው ኮምፒውተር መጣ። ኮምፒውተር ቀለም አይጠጣም፣ ወረቀት አይበላም፣ የሚገፋው ጎረምሳም አይፈልግም። በቃ፣ ወጣሁ።

አሁን ካልጋሪ ዳውንታውን ምንጣፍ አነጥፋለሁ፣ የነዳጅ ካምፓኒዎቹ ፎቅ ላይ። ጥቅል ምንጣፍ በትከሻዬ ይዤ በፕላስ ፊፍቲን፣ ከመንገዱ በላይ ባለው የመስታወት ድልድይ፣ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ስሻገር ክራቫት ያሰረው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። አለቃዬ ወለል ሲያስለካኝ ፐርሰንት እንዲህ በፍጥነት የት ተማርክ ይለኛል። ሕፃን ልጅ ራስ ላይ ስለው የቀለድኩ ይመስለዋል። ጓደኞቼም ኢንተርናሽናል አቬኑ ምሳ ስንበላ፣ አንተ ግን ሆስፒታል ውስጥ ምን ነበር የምትሠራው ይሉኛል። ግማሹ ጽዳት ይመስለዋል፣ ግማሹ ሬሳ የምገፋ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የተሳሳተ ፊደል ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ።

ሥራው ኢኢጂ ይባላል። የልጁ ራስ ላይ ትንንሽ ክብ ብረቶች ትለጥፋለህ፣ ከብረቶቹ ገመድ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ማሽኑ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ይሰማና በፔን ወረቀት ላይ ይጽፋል። አሥራ ስድስት ፔን አንድ ላይ፣ ጭር ጭር ጭር እያሉ። ወረቀቱ በአንድ በኩል እየተጎተተ በሌላ በኩል እየታጠፈ ይቆለላል። ፔኑ ሲደፈን በሲሪንጅ የምመጠው እኔ ነኝ። ጣቶቼ ሁልጊዜ ቀለም በቀለም ነበሩ። አንዲት ልጅ ዴት ይዣት ወጥቼ ጸሐፊ ነህ እንዴ ብላኛለች፤ አዎ አልኳት።

የገባሁት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አንሶላ ነበር የምገፋው፣ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ዋርድ። አለቃዬ የሚያወራው ስለ ሆኪ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሆኪ አይገባኝም፣ ኳሷን እስካሁን አላየኋትም። አንድ ቀን ሊፍቱ ጋ ስደርስ አንዲት ሸምገል ያሉ ነጭ ሴትዮ ከዚያ ማሽን ጋር ትግል ይዘዋል። እንግሊዝኛው ቶሎ አልመጣልኝ ሲል በአማርኛ ዞር ይበሉ ማዘር ብዬ ተቀበልኳቸውና አደረስኩላቸው። በሳምንቱ አለቃዬን ለምነው ወሰዱኝ። ደሞዝ ብዙም አልጨመሩልኝም፣ ግን ነጭ ጋውን ሰጡኝ። ማርቲንዴል ሰፈር ያሉት አክስቴ የጋውኑን ፎቶ አገር ቤት ልከውት፣ እዚያ እስከ ዛሬ ዶክተር ነኝ። ያረመልኝም የለም፣ እኔም አላረምኩም።

ሴትዮዋ ኦልጋ ይባላሉ። የዩክሬን ዘር ናቸው፣ ሳስካችዋን እርሻ ላይ ያደጉ፣ እጃቸው የገበሬ እጅ። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ በአማርኛ ስለሳቸው ሳወራ ግን እሷ ማለት ከአፌ አይወጣም። ልጅ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሙቅ ውሃ ስር ይይዛሉ፣ ራሱን ያልሳተ ይሁን የሳተ ለሳቸው ያው ነው። ከዚያ ልጁን ያያሉ። ከእግሩ ጀምረው ወደ ላይ፣ ዝም ብለው፣ እኔ ገመድ እየፈታሁ። ልጁን ሳያዩ ወረቀቱን አያዩም። ማሽኑ ሲነሳ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በእርሳስ ወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ። ነርሷ አልጋውን ነካች። ልጁ ዋጠ። በሩ ተዘጋ። ምክንያቱም ማሽኑ ሁሉንም ነው የሚሰማው። "ይሄ ማሽን ደደብ ነው" ብለውኛል መጀመሪያ ቀን፣ "ከጭንቅላት የመጣውንና ከአልጋ የመጣውን አይለይም። የምንለየው እኛ ነን።" እኔ እኛ ያሉትን ስሰማ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ ጠግቤ።

ራስ መለካት እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ከአፍንጫ ግንድ እስከ ኋላ እብጠቱ ድረስ በሜትር፣ አሥር ፐርሰንት ላይ ቀይ ነጥብ፣ ሃያ ፐርሰንት ላይ ቀይ ነጥብ፣ እንደገና ከጆሮ እስከ ጆሮ። ቆዳውን አሸዋ አሸዋ በሚል ቅባት ትፈትጋለህ፣ የጥፍር ቀለም በሚሸት ሙጫ ትለጥፋለህ፣ በአየር ታደርቃለህ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ስትመጣ ሌሎቹ ይጨነቃሉ፣ እኔን ይጠራሉ። ሹሩባውን ሳልፈታ በመስመሩ መሃል ገመድ የምለጥፍ በካልጋሪ ከተማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይሄን የምለው ስለምኮራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሲዠር ሲባል ሁላችንም የምናውቀው መውደቅን፣ መንፈራገጥን፣ አረፋ መድፈቅን ነው። ኦልጋ ሌላም ዓይነት አለ አሉኝ። ኢንፌክሽን ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ ልጅ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ግን አይነቃም። ተኝቷል ትላለህ። ደክሞታል ይሆናል፣ መድኃኒቱ ይሆናል። ወይም ደግሞ ውስጡ ሲዠር ላይ ነው፣ ጣቱ እንኳ ሳይንቀሳቀስ። ከውጭ ሦስቱም አንድ ናቸው። ያ የተደበቀው ቶሎ ካልተያዘ ልጁን ይጎዳዋል፣ ለመያዝ ደግሞ ከፔኖቹ በቀር መንገድ የለም። እንዴት ተኝቶ የሚንፈራገጥ ልጅ ይኖራል ብዬ ግራ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አይቻለሁ፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

ኪሩቤል የመጣው ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በገባ ቀን ነው፣ በረዶው ሁሉ በአንዴ ውሃ ሆኖ መንገዱ ሲፈስ። ሁለት ዓመቱ ገደማ ነው፣ ማጅራት ገትር። እናቱ ጥሩወርቅ ትባላለች። አባትየው ሰሜን፣ የነዳጅ ካምፕ ነው የሚሠራው፣ አውሮፕላን እየጠበቀ ነበር። ልጁ ትኩሳቱ በርዶለታል፣ ራሱ ይተነፍሳል፣ ግን አይነቃም። የነርቭ ዶክተሩ ኢኢጂ አዘዘና ማሽኔን ይዤ ከኦልጋ ጋር አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከሰዓት ደረስኩ።

ጥሩወርቅ ደክሟት ስለነበር ትልቅ ሰው መሰለችኝና "እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?" አልኳት።

"የት አባቴ አርጅቼ ነው እትዬ የምትለኝ?" አለች። ከዚያ እዚያ ክፍል ውስጥ በአማርኛ መናገሬ ገባትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ገመዱን ለጠፍኩ፣ ማሽኑ ተነሳ። እሷ ከአልጋው ጎን ቆማ እጇን ሆዱ ላይ አድርጋለች። ትንሽ ቆይታ በለሆሳስ እሹሩሩ እያለች ቸብ ቸብ ታደርገው ጀመር። ኦልጋ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፦ እናት ቸብ ቸብ እያደረገች። ልክ እዚያው አካባቢ ፔኖቹ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ እኩል እኩል ይሄዱ ጀመር። ዶክተሩ ገባ። ወረቀቱን አየ፣ እጇን አየ፣ እጇን እንድታነሳ ንገራት አለኝ። ነገርኳት። ትንሽ ቆየችና አነሳች። ፔኖቹም ተረጋጉ።

ዶክተሩ ትከሻው ወረደ። እጇ ነው አለ። እኛም ነው አልን። ሕፃን ቸብ ቸብ ሲደረግ ወረቀቱ ላይ ልክ ሲዠር መስሎ ነው የሚወጣው፤ በየሳምንቱ የምናየው ነገር ነው፣ ሲስቁበት የሰማሁትም ቀልድ አለ። ኦልጋ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም እንደ ኤክስፐርት ነቀነቅኩ። ወረቀቱ ላይ ሌላ ምንም አልመጣም። ጥሩወርቅ "እጄ ምን አደረገው?" አለችኝ። ማሽኑን ነው የሚረብሸው፣ እሱን አይደለም አልኳት። ዕቃችንን ሰብስበን ወረድን።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሩ ላይ የቀረውን ሙጫ ላጸዳ ወጣሁ። አልነቃም። ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታለች።

"ምነው እህቴ፣ በረደሽ? ውጭ እኮ በረዶው ቀልጧል" አልኳት።

"እንዳልነካው ነው።"

"ትናንት ነገርኩሽ እኮ። ያንቺ ምት ወረቀቱ ላይ ወጣ፣ በቃ።"

"የኔ ምት አይደለም" አለች። ተቆጥታ አይደለም፣ ልክ ጫማህ ተፈቷል እንደሚባለው። "እኔ እጄን ዝም ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ከስር እሱ ነው የመታኝ፣ ሆዱ። እኔ ተከተልኩት። ሁሌም እንደዛ ነው የማስተኛው፣ ትንፋሹን ጠብቄ ከሱ ጋር ነው ቸብ የማደርገው። ዝም ብሎ ቢመቱት አይተኛም።"

ጥጡን ይዤ ቆምኩ። "ታዲያ እጅሽን ስታነሺ ለምን ቆመ?"

"አንተ አንሺ ስትለኝ መቼ አነሳሁ? እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ሲጨርስ አነሳሁ።"

አሁን ይሄን ነገር አስቡት። እኛ እጇ ስለተነሳ ቆመ አልን። እሷ ስለቆመ እጇን አነሳች። ያቺ ትንሽ ቆይታዋ ደግሞ ትዝ አለችኝ፤ እኔ የመሰለኝ እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለሆነች ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለቱ ነገር ቦታ ይለዋወጣል፣ እጅ ፔን፣ ፔን እጅ። ደረጃውን ስወርድ ተሳስቼ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ሄጃለሁ።

ኦልጋን አገኘኋቸው። በእንግሊዝኛ ስነግራቸው ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነው ሦስተኛው ላይ የገባቸው። ስልክ አንስተው ዶክተሩን አነጋገሩት፣ እሱም ጀምሩ፣ እመጣለሁ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ማሽኑን አምጣ" አሉ።

እንደገና ለካሁ፣ ቀይ ነጥብ፣ ሙጫ። በዚህኛው ዙር ጥሩወርቅ ሁለት እጆቿን ሁላችንም በምናይበት የአልጋው ብረት ላይ እንድታደርግ ነገርኳት። ማሽኑ ተነሳ። ምንም። ወረቀቱ ይቆለላል፣ እኔ አጥፋለሁ፣ ምንም። ኦልጋ አይቀመጡም። ነርሷ ገብታ ወጣች፣ ተጻፈ። ልጁ ዋጠ፣ ተጻፈ። እኔ በሆዴ እናትየው ተሳስታ በሆነ እያልኩ ነበር፤ ተሳስታ ከሆነ ልጁ የተኛ ልጅ ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ትክክል በሆነች እላለሁ፤ ትክክል ከሆነች መድኃኒት አለው። የቱን እንደምመኝ ጠፋኝ።

ከዚያ አንዱ ፔን፣ የራሱን የቀኝ ኋላ የሚጽፈው፣ ትንሽ ትንሽ ይነቀነቅ ጀመር። ጎረቤቱ ተከተለው። ከዚያ ሦስተኛው። ትልቅ እየሆኑ፣ እኩል እየሄዱ። ልጁን አየሁት፣ ተኝቷል። ወረቀቱን አየሁ፣ ይሮጣል። ልጁን አየሁት፣ ከንፈሩ እንኳ አይንቀሳቀስም። የእናትየው እጆች ብረቱ ላይ ናቸው።

ኦልጋ በሞቀው እጃቸው ሆዱን ነኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም የለም። ጥሩወርቅንም ንኪው እንድላት ምልክት ሰጡኝ። ፈራ ተባ እያለች ነካችው።

"ምንም አይለኝም" አለች። "ታዲያ ትናንት የመታኝ ምንድን ነው?"

ዶክተሩ ሲመጣ አንዳንዱ ሲዠር ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይወጣም አለ። በደም ሥሩ መድኃኒት አዘዘ። ነርሷ ስትሰጠው አራታችንም ወረቀቱን ነበር የምናየው። ፔኖቹ ቀስ አሉ፣ አነሱ፣ ተንገዳገዱ፣ ከዚያ ተራ ጽሑፋቸውን ጀመሩ።

ትናንት ከሰዓት ከወረድን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስንቴ እንደመጣበት የሚያውቅ የለም። ያው ነው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ማንም የሚያይ የለም። ኦልጋን በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "የጻፍኩት ትክክል ነበር" አሉኝ። "እጇ ይመታ ነበር። ትክክል ጻፍኩ፣ በትክክሉ ነገር ተሳሳትኩ።" ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባኝ አይመስለኝም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ግን የማንም እጅ ልጅ ላይ ሲያርፍ መጻፍ ብቻ አይበቃቸውም፤ ማን ቀደመ ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እኔ እጁን አያለሁ፣ እሳቸው ፔኑን። ሁለት ሰው ካልሆነ አይሆንም ብለው አለቆቹን ሞግተዋል።

ኪሩቤል ከቀናት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑን ገለጠ እንጂ መጣ አይባልም። አባቱ ገብቶ ስሙን ቢጠራው አይዞርም። ነርሷ ብረት ሰሃን ብትጥል አይደነግጥም። ዶክተሮቹ ጆሮውን ጠረጠሩ፤ ማጅራት ገትር ጆሮ ይወስዳል፣ እናጣራለን አሉ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ጥሩወርቅ ደግሞ እጇን መልሳ ብብቷ ውስጥ ከትታ አላወጣችም። ዶክተሩ ያዢው ብሏታል፣ ነርሷም ብላታለች፣ አባትየውም ለምኗታል። እሺ ትላለች፣ አትነካውም። ብርድ ልብሱን ታስተካክላለች፣ ጫፉን ብቻ ይዛ።

የመጨረሻውን ኢኢጂ ያነሳን ቀን ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ኦልጋ ማሽኑን አጠፉ፣ እኔ ገመዱን ልነቅል ጥጤን አዘጋጀሁ።

"አንተ" አለችኝ ጥሩወርቅ፣ "አንተ የማሽኑ ሰው ነህ። እውነቱን ንገረኝ። ብነካው ይመለስበታል?"

አይመለስበትም ብሎ ብዙ ሰው እንደነገራት አውቃለሁ። ሁሉም የነገሯት በእንግሊዝኛ፣ ወይም እያዘኑላት ነው። እኔ ጋውኔን አስተካከልኩ፣ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

"ዶክተሩ አዞልሻል" አልኳት። "ቸብ ቸብ፣ ጠዋት አንዴ፣ ቀን አንዴ፣ ማታ አንዴ። ከምግብ በፊትም በኋላም ይቻላል።"

"እውነትህን ነው?"

"ኦልጋም ፈርመዋል።"

ኦልጋ ስማቸውን ሰሙና ምን እንደፈረሙ ሳያውቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ ያዘዝኩት መድኃኒት ያ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ ነው፣ ማንም አልከሰሰኝም።

እጇን አወጣች። ሆዱ ላይ አስቀመጠችና ትንፋሹን ጠበቀች። ከዚያ ቸብ። ቸብ። ልጁ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። አወረደና የከንፈሩ አንድ ጫፍ፣ የግራው ብቻ፣ ወደ ላይ ተጎተተ።

እጇ ቆመ። "ያ ነገር ነው?" አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ። አንድ ወገን ብቻ ነው የተጎተተው፣ ሲዠርም እንደዚያ ይጀምራል፣ አይቻለሁ። ወደ ኦልጋ ስዞር ማብሪያውን ተጭነውታል። ፔኖቹ ጭር ብለው ተነሱ። ኦልጋ ግን መጀመሪያ ልጁን አዩት፣ ጎንበስ ብለው፣ በቅርበት። ከዚያ ወረቀቱን። የፊት የፊቶቹ ፔኖች ሕፃን እርሳስ ይዞ ግድግዳ ላይ እንደሚሞነጫጭረው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ያወጣሉ፣ ያ የፊት ጡንቻ ነው። ከኋላ ግን እኩል እኩል የሚሄድ የለም። አንድም የለም። ከንፈሩ ወረደ፣ ጥቁሩ ጠፋ። ከንፈሩ እንደገና ወጣ፣ አሁን በሁለቱም ወገን፣ ጥቁሩ ተመለሰ።

ኦልጋ እርሳሳቸውን አንስተው አንድ ቃል ጻፉ።

"ምን ብለው ጻፉ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ሣቀ ብለው።"

አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችው፣ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ። ከዚያ እጇን መለሰች። ቸብ ቸብ ስትለው አሥራ ስድስቱም ፔን አብረዋት ወደ ላይ ወደ ታች ይሉ ጀመር፣ ገጹ በሙሉ ተበላሸ፣ የሚቀጥለውም። ኦልጋ አንሺ በላት አላሉኝም፣ ማሽኑንም አላጠፉም። እኔ ወረቀቱን ማጠፌን ቀጠልኩ።